ለመድኃኒት ቤት ሶፍትዌሬ ላይሰንስ ላስገባ ነው፤ ሥራቸውን ሳላቆምባቸው እንዴት ልሥራው?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ደሴ ነው። ኮድ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት 5 ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ በድራጊስትነት ሠርቻለሁ። ያኔ በየሳምንቱ መጨረሻ መደርደሪያ ሥር ተንበርክኬ፣ ጊዜያቸው ሊያልፍ የደረሱትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ እየለየሁ ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር። ሶፍትዌሩን የሠራሁት ያ ሥራ አንገሽግሾኝ ነው። በሲ ሻርፕ የተጻፈ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሲሆን ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ነው። የባች ቁጥር (አብሮ የተመረተው መድኃኒት መለያ)፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ዱቤና የሐኪም ማዘዣ ይመዘግባል። ሊያልፍ 3 ወር የቀረውን መድኃኒት በቢጫ፣ 1 ወር የቀረውን በቀይ ያሳያል። ዋጋው 18,000 ብር ነው፤ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ። ራሴ ሄጄ እጭናለሁ፣ አሠለጥናለሁ። እስካሁን ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልዲያ ያሉ 31 መድኃኒት ቤቶች ገዝተውታል።

ባለፈው ወር ከወልዲያ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት ሴት በጣም ትሁት ናቸው። «የኔ ልጅ፣ የወሩ ሪፖርት አልወጣ አለኝ። የሠራሽው አንቺ ነሽ ብለውኝ ነው» አሉኝ። የመድኃኒት ቤታቸውን ስም ጠየቅኩ። ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ስክሪኑን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ሲልኩልኝ ሪፖርቱ ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ነው። የኮምቦልቻ ደንበኛዬ ስም፣ ከነስልክ ቁጥሩ።

ለካ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጦ በ4,000 ብር ሸጦላቸዋል። እሳቸው የተሰረቀ መሆኑን አላወቁም፤ እንደማንኛውም ዕቃ ነው የገዙት። እኔን ያሳመመኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ፎልደሩ ሲገለበጥ ዳታቤዙም አብሮ ተገልብጧል። የኮምቦልቻው ሰውዬ የዱቤ ዝርዝር፣ የታካሚዎች ስም፣ ማን ምን መድኃኒት እንደወሰደ፣ ሁሉም ወልዲያ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሌላም ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ስም ነው። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እና ላይሰንስ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በከፈለው ሰው ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ የፈቃድ ቁልፍ፣ ላስገባ ወሰንኩ። መጀመሪያ የሞከርኩት ቀላሉን ነው። የኮምፒውተሩን ማክ አድሬስ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) አንብቤ፣ ከሱ ቁልፍ አውጥቼ፣ 4 ደንበኞች ጋ ጫንኩት። በሳምንቱ ሁለቱ ደወሉ። አንደኛው ዩኤስቢ ዋይፋይ ሰክቶ አድሬሱ ተቀይሮበታል። ሌላው የኔትወርክ ካርዱ በመብረቅ ተቃጥሎ አስቀይሯል። ሁለቱም በሐቅ የከፈሉኝ ሰዎች ናቸው። ወዲያው አነሳሁት።

ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ የሠራሁ ሰው ነኝ። ማዘዣ የያዘ ታካሚ ፊት ለፊት ቆሞ እያለ «ላይሰንስዎ አልቋል» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ አልፈልግም። ደግሞ ግማሾቹ ደንበኞቼ ኮምፒውተራቸው ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ስልክ ብቻ ነው ያላቸው። መብራት ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ በየጊዜው ፎርማት ይደረጋል። በዚህ ሁኔታ የሚሠራ ላይሰንስ የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሠራችሁት ንገሩኝ።

ሲስተም አዳማ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ የትምህርት ቤትና የወፍጮ ቤት ሶፍትዌር እሸጣለሁ። በዚህ መንገድ አልፌያለሁ።

መጀመሪያ ማንን እየተከላከልሽ እንደሆነ ለይው። ያ ልጅ ፎልደር የሚገለብጥ ነው እንጂ ኮድ የሚፈታ አይደለም። በዶት ኔት (ሲ ሻርፕ በሚሠራበት መድረክ) የተጻፈ ፕሮግራም አይኤልስፓይ በሚባለው ኮድ መፍቻ ሲከፈት ከነኮዱ ይነበባል። «ላይሰንስ ካለ» የምትለውን አንዲት መስመር ቀይሮ መልሶ መገንባት ለሚችል ሰው የአንድ ምሽት ሥራ ነው። እሱን ለማስቆም ወራት አትፍጂ። ኮዱን የሚያወሳስብ መሣሪያ ተጠቀሚና እለፊው። ፍላሽ ይዞ ለሚዞረው ግን የሚበቃ ነገር መሥራት ይቻላል።

ዋናው ዲጂታል ፊርማ ነው። ማክ አድሬሱን በቀመር ቀይረሽ ቁልፍ ካወጣሽ ቀመሩ ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ካገኘው ለፈለገው ሁሉ ቁልፍ ያወጣል። በፊርማ ሲሆን ሁለት ቁልፍ አለሽ። ሚስጥራዊው አንቺ ጋ ብቻ ይቀመጣል። ይፋዊው ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል። ይፋዊው ማጣራት ይችላል፣ መፈረም ግን አይችልም። ሰው ፕሮግራሙን እስከ ጥግ ቢበረብረው አዲስ ላይሰንስ መፈልፈል አይችልም። ሚስጥራዊውን ቁልፍ ኢንተርኔት በማይነካው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪ። ሁለት ፍላሽ ላይ ቅጂ ያዢ፤ አንዱ እናትሽ ቤት ይቀመጥ። ከጠፋብሽ ለ31ዱም አዲስ ፕሮግራም ልትጭኚ ነው።

ስልክ ብቻ ላላቸው እኔ የማደርገው ይኼ ነው። ኢሲዲኤስኤ ፒ-256 የሚባለው ፊርማ 64 ባይት ነው። ከነማጣሪያው ዶት ኔት ውስጥ አለ፣ ሌላ ላይብረሪ አያስፈልግሽም። 64 ባይት በቤዝ 32፣ ማለትም በ32 ፊደልና ቁጥር ብቻ፣ ሲጻፍ 103 ፊደል ይሆናል። በላቲን ፊደል የሚላክ አጭር መልእክት 160 ፊደል ስለሚይዝ በአንድ ኤስኤምኤስ ይገባል። በአማርኛ ቢሆን 70 ብቻ ነበር የሚይዘው። ሌላውን መረጃ አትላኪ፤ የደንበኛ ቁጥሩም የማሽን ኮዱም እዚያው ስክሪኑ ላይ አለ። አንቺ የምትልኪው ፊርማውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ስክሪኑ ላይ ያለውንና የተላከውን ፊርማ ያመሳክራል። ፊደሎቹን በአምስት በአምስት ከፋፍያቸው። ክሮክፎርድ የሚባለውን ቤዝ 32 ተጠቀሚ፤ ከዜሮና ከአንድ ጋር የሚምታቱትን ፊደሎች አውጥቷቸዋል።

ማሽኑን ለመለየት አንድ ነገር ላይ አትንጠልጠዪ። እኔ ሦስት እወስዳለሁ፦ የማዘርቦርዱን መለያ፣ የሃርድ ዲስኩን የፋብሪካ ቁጥር፣ ዊንዶውስ ሲጫን ሬጅስትሪው (የቅንብር መዝገቡ) ውስጥ የሚፈጥረውን ማሽን ጂዩአይዲ የሚባል መለያ። ከሦስቱ ሁለቱ ከገጠሙ ያልፋል። ፎርማት ሲደረግ የሚቀየረው ጂዩአይዲው ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተፈረመባቸው ሦስቱ መለያዎችና ፊርማው ባክአፕ ውስጥ ካሉ ማንም አይደውልልሽም። ግን ልብ በዪ፣ የዲስኩን ቁጥር ስትወስጂ የፋብሪካውን እንጂ ፎርማት ሲደረግ የሚለወጠውን የድራይቭ ቁጥር አይደለም። ፕሮሰሰር አይዲ ደግሞ ተዪው፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ያወጣሉ። ርካሽ ማዘርቦርዶች ላይ የመለያው ቦታ «በአምራቹ ይሞላል» የሚል ጽሑፍ ብቻ የያዘም አጋጥሞኛል። እሱን እንደ ባዶ ቁጠሪው።

ኢንተርኔት ላይ የሚጣራ ላይሰንስ እንዲያውም አታስቢው። በ2012 ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው የቆየው። ያኔ አንዱ ምርቴ በየሳምንቱ ሰርቨር ይጠይቅ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ የዓመት መጨረሻ ካርድ ማተም አልቻሉም። እኔ በየከተማው በአውቶቡስ እየዞርኩ ነው ያስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ ያንን መስመር ከኮዴ አወጣሁት።

ሌሊት ተረኛ

ልጄ፣ እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። ፋርማሲስት ነኝ፣ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ከዛሬ አራት ዓመት በፊት ከሌላ ሻጭ የገዛሁት ሶፍትዌር ነበረኝ። በየዓመቱ ይታደሳል ተባልኩ፣ በጊዜው ከፍያለሁ። ሻጩ ቁልፉን ማደሱን ረሳ። የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስክሪኑ ተዘጋ። ስም አስገባ፣ ቁልፍ አስገባ ይላል፤ ሌላ ምንም አይከፈትም። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል፣ በዓል ነው። አንዲት እናት አስም የተነሳበት ልጇን አቅፋ ፓፍ ልትገዛ ቆማለች። መድኃኒቱ መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ሰጠኋት። ዋጋውን ግን ከአእምሮዬ ነው የነገርኳት። ቀጥሎ የመጣው ሰው የጠየቀኝ መድኃኒት ሦስት ባች ነበረው። የትኛው ቶሎ እንደሚያልፍ ካርቶኑን እያገላበጥኩ ስፈልግ ሰልፉ በሩ ጋ ደረሰ።

ሻጩ ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን አነሳ። ቅዳሜ ማታ፣ እሑድና ሰኞ የሸጥኩት ሁሉ በወረቀት ነው። ያንን መልሼ ለማስገባት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ስቶኩም እስከ ዛሬ በትክክል አልገጠመልኝም። ያን ሶፍትዌር ተውኩት። ዋጋው ተወዶብኝ አይደለም። የራሴን መዝገብ እንዳላይ ስለከለከለኝ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ምንም ዓይነት ቁልፍ ብትሠሪ ሽያጩን አትንኪው። ስቶኩን ማየት፣ መሸጥ፣ ማተም፣ ዳታውን ማውጣት ምንጊዜም ይሥራ። መከልከል ካለብሽ ሌላውን ከልክዪ፤ የወሩን ሪፖርት፣ አዲስ ተጠቃሚ መጨመሩን፣ አዲሱን ስሪት። እነዚያ ሁለት ቀን ቢቆዩ ሰው አይሞትም።

የጦሳ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እርስዎ ያሉት ካርቶን ማገላበጥ የኔም እጅ የለመደው ነው። ሽያጩ አይዘጋም፤ ይኼን ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ሲስተም አዳማ፣ የ103ቷ ፊደል ነገር በጣም ገብታኛለች። አንድ ጥያቄ ብቻ። ፊርማው የሚያርፈው በመድኃኒት ቤቱ ስም ላይ ቢሆንስ? ስሙ በሚታተመው የመድኃኒት ዝርዝር ላይ በጉልህ ይወጣል። ደረሰኙማ ከሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ ነው የሚወጣው፣ እሱ ራሱን የቻለ ነው። እኔ የምለው ለታካሚው የምንሰጠውን ዝርዝር ነው። ወልዲያ ያሉትን እናት ያጋለጠው እኮ የሌላ ሰው ስም መውጣቱ ነው። ስሙን ያለ ፊርማ መቀየር ካልተቻለ ማንም የሰው ስም እያተመ መሥራት አይፈልግም።

ጳጉሜን 6

የስሙ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ እኔ ምናልባት ከማሽኑም ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ግን አንድ ጉድጓድ አለው፣ እኔ ገብቼበታለሁ።

ስሙን በአማርኛ ነው የምትፈርሚው። አንቺ «ሰላም መድኃኒት ቤት» ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ባለቤቱ «ሠላም መድሀኒት ቤት» ብሎ ይጽፋል። ለሰው ዓይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያየ ስም ነው። ፊርማው አይገጥምም፣ ሰውዬው ደግሞ ምን እንዳጠፋ አያውቅም። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት በስልክ ስንጨቃጨቅ ውለን፣ መጨረሻ ላይ ችግሩ ሰና ሠ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊትም ከማጣራትሽ በፊትም ሞክሼ ፊደሎቹን ወደ አንድ አምጫቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ይሁኑ፣ ከነዘራቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ሃ እና ኣን አትርሺ። በቃላት መካከል ያለውን ክፍተትም ሁለት ከሆነ አንድ አድርጊው። ሲታተም ግን ባለቤቱ ራሱ እንደጻፈው ይታተም፤ ሰው ስለ ስሙ አጻጻፍ ስሜት አለው።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ላይሰንስሽ የሚያበቃበት ቀን ካለው የኮምፒውተሩን ሰዓት አትመኚ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ስትደክም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያረጀ ኮምፒውተር በበዛበት አገራችን ይኼ የየዕለት ነገር ነው። ፕሮግራሙ ሰውዬው አውቆ ሰዓት የመለሰ መስሎት ቢዘጋበት ግፍ ነው። እኔ ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን የመጨረሻ ሽያጭ ቀን እወስዳለሁ። የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ወደ ኋላ ከሆነ «የኮምፒውተርዎ ቀን ተሳስቷል፣ ያስተካክሉ፤ ባትሪውም ደክሞ ሊሆን ይችላል» ይላል። አይዘጋም። ላንቺ ደግሞ ከላይሰንሱም በላይ ይጠቅምሻል። ቀኑ ከተሳሳተ ቢጫና ቀይሽም ይሳሳታላ።

የመጨረሻው፣ ቀኑን ላይሰንሱ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጪ፤ ለደንበኛው ስታሳዪ ወደ ኢትዮጵያ ቀይሪው። ዶት ኔት የኛን አቆጣጠር ከራሱ ጋር ይዞ አይመጣም፣ መቀየሪያውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። የኔ መቀየሪያ ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ነበር የሚቆጥረው። 2015 ጳጉሜኗ 6 ነበረች። የዚያን ቀን ጠዋት 11 ደንበኞች «ቀኑ ልክ አይደለም» የሚል መልእክት ወጥቶባቸው ደወሉልኝ፣ በዓል ዋዜማ። የመድረክ ስሜን ከዚያ ነው የወሰድኩት፤ እንዳልረሳው።

አራት ኪሎ

ቴክኒኩን ሌሎቹ ብለውታል። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፣ ጥቂት ልጨምር።

የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው። አዋጁ በ872/2007 ተሻሽሏል። ጥበቃው የሚጀምረው ከመዘገብሽ ጀምሮ አይደለም፤ ሥራው ሲፈጠር ነው። ቢሆንም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ብታስመዘግቢው ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆንሻል። ግን ከሁሉ በፊት ውል ይኑርሽ። ከ31ዱ ጋር የተፈራረምሽው ወረቀት አለ? ከሌለ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስንት ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫን፣ ለሌላ ማስተላለፍ እንደማይቻል፣ ዳታው የደንበኛው መሆኑ።

ከላይሰንሱ በላይ ያሳሰበኝ ግን የታካሚዎቹ ዝርዝር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ለየት ያለ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ለኮምቦልቻው ደንበኛሽ ዛሬውኑ ንገሪው። ሳይነግሩት ከሌላ ሰው ቢሰማ ካንቺ ጋር ያለው እምነት ያልቃል።

ሲስተም አዳማ

አራት ኪሎ ያነሳው ትክክል ነው፣ እኔ ዘልዬው ነበር። ዳታቤዙን ከፕሮግራሙ ፎልደር አውጪው። ከዚያ ኤስኪውኤል ሳይፈር በሚባለው የኤስኪውላይት መቆለፊያ ቆልፊው። የመክፈቻ ቁልፉን ዊንዶውስ ራሱ ባለው ዲፒኤፒአይ በሚባል የሚስጥር መጠበቂያ አስቀምጪው፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚፈታው። ፎልደሩን በፍላሽ የወሰደ ሰው የማይነበብ ፋይል ይዞ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ፎርማት ከተደረገ ግን ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባክአፑ ባለቤቱ በሚያውቀው የይለፍ ቃል ለብቻው ይቆለፍ። ይኼን ሳትሞክሪ ማንም ጋ እንዳትጭኚ። ራስሽ አንድ ኮምፒውተር ፎርማት አድርገሽ ከባክአፕ መልሰሽ እዪው።

የጦሳ ልጅ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ለኮምቦልቻው ደንበኛዬ ነገርኩት። ስልኩ ላይ ዝም አለ፣ በጣም ረጅም ዝምታ። ከዚያ «ጠጋኙን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለኝ። በማግሥቱ አብረን ወልዲያ ሄድን። እናትየው ነገሩን ሲሰሙ አለቀሱ። ፊታቸው የእሱን ዳታ በሙሉ አጠፋን፣ የእሳቸውን የአምስት ወር ሽያጭ ለይቼ አስቀረሁላቸው። ቀሪውን 14,000 ብር በ7 ወር ሊከፍሉኝ ተስማማን። እኔ 4,000ውን እንዲቆርጡ የፈቀድኩት እሳቸውም ስለተታለሉ ነው። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ልቤ ግን ያለው እንደዚያ ነበር።

ላይሰንሱን ሠርቻለሁ። ፊርማው በመድኃኒት ቤቱ ስምና በሦስቱ የማሽን መለያዎች ላይ ያርፋል። ሞክሼዎቹን አንድ አድርጌያለሁ። ላይሰንሱ የሚያበቃበት ቀን የለውም፤ ሰው አንዴ ከፍሎ የገዛውን መልሼ አልቀማም። ቀን ያለው አዳዲስ ስሪት የማግኘትና ሄጄ የማገልገሉ ነገር ነው፣ እሱ በዓመት 3,000 ብር ይሆናል። ማሽኑ ካልገጠመ ለ30 ቀን ሁሉም ነገር እንደነበረው ይሠራል፤ ከላይ በትንሽ ጽሑፍ ስልኬ ይወጣል። ከ30 ቀን በኋላ የሚቆመው የወሩ ሪፖርት ብቻ ነው። ጋሼ፣ ይኼኛው የእርስዎ ሐሳብ ነው።

ፎርማቱን ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ላይ ባክአፑ አልከፈትልኝ አለ፤ የይለፍ ቃሉን በአማርኛ ጽፌው ኪቦርዱ ገና አማርኛ አልተጫነበትም ነበር። አሁን በቁጥር ብቻ ነው የምቀበለው፣ 12 ቁጥር፣ ወረቀት ላይ ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር የሚቀመጥ።

ትናንት ሐይቅ ላለችው ደንበኛዬ 103ቱን ፊደል በስልክ አነበብኩላት፣ ኤስኤምኤሱ አልገባ ብሎ። አምስት በአምስት እያልን 9 ደቂቃ ፈጀ። አንድ ቦታ ቢ እና ዲ ተምታተውባት ነበር። ፕሮግራሙ የትኛው መደዳ ላይ ስህተት እንዳለ እንዲነግራት ለእያንዳንዱ አምስት ፊደል አንድ ማረጋገጫ ፊደል ልጨምር ነው። ቁጥሩ 124 ይሆናል፣ አሁንም በአንድ ኤስኤምኤስ ይገባል። ሰኞ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ እዚያ ያሉት 8ቱ ይቀድማሉ።